ከመውለድ በፊት አንድ ሳምንት በደሴት

ስለ ጫጉላ ሽርሽር መቼም ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ አንድ ደስ ወዳለ ሥፍራ ይሄዳሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ይመለሳሉ። እስቲ በሐቅ እንነጋገርና፥ በደመወዝ ከምንተዳደረው ወጣቶች መካከል ይህን ያደረገ ስንት ሰው ይገኛል? የድንኳኑ ኪራይ፥ የበሬው ዋጋ፥ ከጓደኛ የተወሰደው ብድር ገና ሳይከፈል የፈቃዱ ቀን ያልቅና አንዱ ወደ መዝገብ ቤቱ፥ ሌላው ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይመለሳል። እኔ ራሴ በመልሱ ማግሥት የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሳርም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ሽርሽር ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያው ልጅ ከመምጣቱ በፊት ባልና ሚስት ብቻቸውን ሆነው ስለሚያሳልፉት ጥቂት ቀን ነው። ፈረንጆች «ሃኒሙን» ከሚለው ቃል ቆርጠው «ቤቢሙን» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙ ለጆሯችን እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ ከኛ የራቀ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ከባድ እንዳታነሣ፥ እንዳትደነግጥ፥ ያማራት እንዳይቀርባት መጠንቀቅ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ወግ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መሄዷም የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ሁሉ መልካም ልማድ ውስጥ ግን አንድ የተረሳ ሰው አለ፤ እርሱም ባልየው ነው። እስክትወልድ ድረስ ገንዘብ አምጪ፥ ከወለደች በኋላ ደግሞ የበግ ገዢ ነው። በመካከሉ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ «ምን እንሆን ይሆን?» ብሎ የሚነጋገርበት ጊዜ ማንም አይሰጠውም።

ለምን ደሴት ትሉኝ ይሆናል። በትንሽ ከተማ የኖረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የመምህር ቤት በር አይዘጋም። ጠዋት ተማሪ ደብተር ይዞ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ለቡና ይጠራል፤ ማታ ደግሞ የዕቁቡ ጸሐፊ ያንኳኳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሰው ያለ ሰው አይኖርም። ነገር ግን ባልና ሚስት ለጥቂት ቀን እንኳ ማንም በማያንኳኳበት ቦታ መዋል ያምራቸዋል። ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በጌዴኦ ዞን፥ ሬኮ ነው። እኔ አስተምራለሁ፤ እርሷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። አገሩን ለማታውቁት፥ ይህ የቡናና የእንሰት አገር ነው፤ ቡናው ከእንሰቱ ጋር ተደባልቆ፥ ሁለቱም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እየበቀሉ ኮረብታው ሁሉ እንደ አንድ ጓሮ ሆኖ ይታያል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መስፈሩን አንብባችሁ ይሆናል። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ለመዝናናት የት ይኬዳል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ለሚኖርበት ሰው ግን ያው የሥራ ቦታ ነው፤ ለምለሙን ኮረብታ ሳየው እኔን የሚታወሰኝ በክረምት እየተንሸራተትሁ የምወጣው የትምህርት ቤቱ ዳገት ነው።

ሰማዩ በጠራ ቀን ከጌዴኦ ኮረብቶች ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ዓባያ ሐይቅ ይታየዋል። በአገራችን ከጣና ቀጥሎ ትልቁ ሐይቅ ነው። በላዩም ጊዲቾ የምትባል ደሴት አለች፤ ባይሶ የተባሉት ሕዝብ የራሳቸውን ቋንቋ እየተናገሩ ይኖሩባታል። የኔም ዓይን በመጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር። ቅርብ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ደሴት ነው። በተማሪ ደብተር ላይ ካርታ ነድፌ፥ ከዲላ ወደ ሐይቁ ዳር፥ ከሐይቁ ዳር በጀልባ ወደ ጊዲቾ የሚል ቀይ መሥመር አሰመርሁ። አዞ እንዳለ አውቅ ነበር፤ አዞን ግን ከጀልባ ባለመውረድ ማምለጥ ይቻላል ብዬ አሰብሁ።

ባለቤቴ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁና ዕቅዴን ለአዋላጅ ነርሷ በኩራት ነገርኋት። ሲስተር ካርዱን ጽፋ እስክትጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም፥

«መምህር፥ ጂኦግራፊ ነው የሚያስተምሩት?» አለችኝ።

«አዎን።»

«እንግዲያው የሐይቁን ከፍታ ይነግሩኛል።»

«1,170 ሜትር ያህል ይሆናል።»

«ከሬኮ ስንት ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው?»

ዝም አልሁ። ነገሩ ገብቶኛል።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ በዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም ስለ ሽርሽር የሚጽፉ ሰዎች ስለ ውሃው ቀለምና ስለ ፀሐይ አወጣጡ ይነግሩናል እንጂ ስለዚህ ጉዳይ አይነግሩንም። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ባለው አገር ነው። ጊዜውም ይታወቃል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፤ የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላም በሚያዝያና በግንቦት ይመለሳል። ከደጋ የወረደ ሰው ሰውነቱ በሽታውን አልለመደውምና ክፉኛ ይጥለዋል። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው፥ የወባ ትንኝ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው አብልጣ ትነድፋለች፤ የትንፋሿና የገላዋ ሙቀት ስለሚጨምር ነው ይላሉ ያጠኑት ሰዎች። ሁለተኛውና የከፋው፥ የወባው ተሕዋስ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ እናት ደም ያንሳታል፤ ሕፃኑ ምግቡን በሚገባ ስለማያገኝ ክብደቱ ይጎድላል፤ ጽንሱ ሊወርድም ይችላል። የሌላው ሰው የወባ መከላከያ ኪኒን ሁሉ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን የተባለው አይሰጣትም። ስለዚህ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ መድኃኒት ሳይሆን ሌላ አደጋ ነው።

እኛ ካንድ ዓመት በፊት አንድ ጽንስ በሦስተኛው ወር አጥተን ነበር። ሲስተር ይህ በካርዱ ላይ ተጽፎ ስለምታየው ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ፥ «በቃ ይቅርብን፤ ቤታችን ደኅና ነው» አልኋት። እርሷ ግን ጥቂት ከተራመደች በኋላ፥ «አይቀርም። ያ ነገር ከደረሰብን ወዲህ አንተም እኔም ከሥራ በቀር ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም። ከፍ ያለ ደሴት ፈልግ» አለችኝ።

እኔም ያን ዕለት ማታ ካርታዬን ዘርግቼ፥ ደሴት ያላቸውን ሐይቆች በውበታቸው ሳይሆን በከፍታቸው ደረደርኋቸው። እናንተም እንደዚሁ ብታደርጉ ብዙ ሐሳብ ይቀልላችኋል።

ከዓባያ በላይ ዝዋይ ይመጣል፤ ደምበል ይሉታል። 1,636 ሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ እዚያ ቀርቶ ነበር። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከዲላም በሐዋሳና በሻሸመኔ በኩል በአንድ ቀን የሚደረስበት ነው። አምስት ደሴቶች አሉት፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ወይም ደብረ ጽዮን ይባላል። ዛይ የተባሉት ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ፥ ሸማ እየሠሩ፥ ዳገቱን በእርከን እያረሱ ብዙ ዘመን ኖረውበታል። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው እዚህ ደሴት ላይ አስቀመጡት የሚል ትውፊት አለ። የኅዳር ጽዮን በዓል የሚከበርበትም ቦታ ነው። ወጣትና ጤነኛ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ሽርሽር ማግኘት ያስቸግራል። ለነፍሰ ጡር ግን ሁለት ነገር አልወደድሁለትም። ወባው አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከቱሉ ጉዶ እስከ ከተማው ወደብ በጀልባ አንድ ሰዓት ከግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ያስኬዳል፤ ጠዋት ጸጥ ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ይነሣል። ሌሊት አንድ ነገር ቢመጣ ምን ይደረጋል? መሄድ የሚፈልግ ቢኖር በየካቲት ይሂድ፤ በማለዳ ይሳፈር፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይመለስ፤ ማታውንም መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኛ። የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና የቀን ጉብኝት ከአዳሩ ይሻላል።

ሐዋሳ ደግሞ 1,680 ሜትር ላይ ነው። ለኛ ለጌዴኦ ሰዎች እንደ ጓሯችን ነው፤ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ ለሽርሽር የሚሄዱበት ደሴት የለውምና ከዝርዝሬ ወጣ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥሬውን ዓሣ በሚጥሚጣ መብላት ለብዙዎቻችን ትልቅ ደስታ ነው፤ ሚስታችሁ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን የተጠበሰውን እዘዙላት። ጥሬ ክትፎም፥ ያልፈላ ወተትም እንደዚሁ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሕዋስ እናቲቱን ሳያማት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ያማራትን መከልከል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የባለቤቴ አምሮት ክትፎ ነበር።

ጣና 1,790 ሜትር ገደማ ነው። ስለ ጣና መጻፍ ከጀመርሁ ይህ ገጽ አይበቃኝም። ባልና ሚስት ሆነው ለሚሄዱ ግን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ወደ አንዳንዶቹ ገዳማት ሴት አትገባም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንዲህ ናቸው። ይህን ሳያውቅ ጀልባ ተከራይቶ ሚስቱን ወደቡ ላይ ትቶ ብቻውን የሚሳለም ባል አያሳዝንም? ይልቅስ በደቅ ደሴት የምትገኘው ናርጋ ሥላሴ ለሁለቱም ትሆናለች፤ በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናት። በግድግዳዋ ላይ እመቤታችን ልጇን አቅፋ፥ እቴጌይቱ ከእግሯ ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በዘጌ ባሕር ገብ ምድርም ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ዙሪያዋ የቡና ጫካ ስለሆነ ከጌዴኦ የሄደ ሰው አገሩን ያስታውሰዋል። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቷልና መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። እኛም ይህን አስበን ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

በዚህ ሁኔታ ወደ ላይ እየወጣሁ ወንጪ ደረስሁ።

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፥ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል፤ የወባ ትንኝ የማትደርስበት ደጋ ነው ማለት ነው። በመካከሉ ደሴት አለ፤ በደሴቱም ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች እንደ አንዱ መርጦታል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው «ገበታ ለአገር» ፕሮጀክትም ከተመረጡት ሦስት ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል። በወሊሶም በአምቦም ሆስፒታል አለ። «ከደሴቱ እስከ ሐኪም ምን ያህል ነው?» የሚለው ጥያቄ ከክፍሉ ኪራይ በፊት መጠየቅ ያለበት ነውና ይህን ሳገኝ እርሳሴን አስቀመጥሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜው። ለነፍሰ ጡር መንገድ የሚመቻት ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ማስመለሱና ድካሙ አለ፤ ጽንሱም ገና አልጠናም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰውነቷ ይከብዳታል፤ ምጡም ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከ36ኛው በኋላ ግን አያሳፍሩም። አንድ የሥራ ጓደኛዬ፥ «ከመውለዷ በፊት 30 ቀን ፈቃድ አላት አይደለም እንዴ? በዚያ ሂዱ» ብሎኝ ነበር። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናቲቱ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም ለእናት ያንኑ 30ና 90 ቀን ደንግጎ ነበር። ያ 30 ቀን ግን የመጨረሻው ወር ነው፤ መንገድ የሚኬድበት ሳይሆን ከቤት የማይራቅበት ወር ነው። ሽርሽሩ ከዓመት ዕረፍት ላይ ይወሰድ። መምህራን ደግሞ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አለልን። የኛም በየካቲት ዋለ፤ ባለቤቴ 20ኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር፤ አገሩም ደረቅ ነበር።

ገንዘቡ የመጣው ከመምህራኑ ዕቁብ ነው። ዕጣው የደረሰው ለሌላ ሰው ነበር፤ ምክንያቴን ብነግረው ተራውን ለወጠልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ገንዘቡን በሦስት ፖስታ ከፈልነው፤ አንዱ ለመንገድ፥ አንዱ ለማደሪያና ለምግብ፥ ሦስተኛው ግን ታሽጎ የሚመለስ ነው። በዚያ በሦስተኛው ፖስታ ውስጥ በድንገት መኪና ተኮናትሮ ሆስፒታል ለመድረስ የሚበቃ ገንዘብ መኖር አለበት። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ መንገዱን ማሳጠር ይሻላል፤ ክፍሉን ማሳመር ግን አያስፈልግም።

የቀረው የአማቴ ፈቃድ ነበር። አማቴ አዲስ አበባ ናቸው። በስልክ ስነግራቸው፥ «ምነው ልጄ፥ ሆድ ይዛ እንዴት አገር ላገር ትዙር ትላለህ?» አሉኝ። ያለፈውን ያውቃሉና አልተከራከርሁም። ሲስተር የነገረችኝን ሁሉ፥ ሳምንቱንም ከፍታውንም፥ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ ሁሉንም ዝም ብለው ሰሙ። በመጨረሻ፥ «ደሴቱ ላይ ያለው ታቦት የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቂርቆስ ነው ስላቸው ድምፃቸው ተለወጠ። ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር እሳት ውስጥ የገባው ሰማዕት ነው። «እንግዲያው እናትና ልጅ አሉበት፤ ሂዱ፤ ግን መጀመሪያ እኔ ዘንድ ትደር» አሉ። የኔ የጂኦግራፊ ማስረጃ ሁሉ ያልሠራውን አንድ ስም ሠራው።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ይህን አልሸሽግም። ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ብቻ 360 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን አልሄድንበትም፤ ሐዋሳ አንድ ሌሊት በአጎበር ውስጥ አደርን፤ አማቴ ቤት ሁለት ሌሊት ዐረፍን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወንጪ ወጣን። ነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ከተቀመጠች በእግሯ ደም ሊረጋ ይችላል፤ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳ ትራመድ። ቀበቶውን የታችኛውን ከሆዷ ሥር በዳሌዋ ላይ፥ የላይኛውን በጡቶቿ መካከል ታሳልፈው። በሞተር ሳይክል ግን አታጓጉዟት፤ ከሬኮ ወጥቶ አስፋልት እስኪደረስ ያለውን መንገድ እንኳ ቀስ ብሎ በሚሄድ መኪና አስወጣኋት። የክትትል ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራልና የሽርሽሩ ቀን ከቀጠሮዋ ጋር እንዳይጋጭ ተመልከቱ።

ሻሸመኔን አለፍ እንዳልን፥ ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ ሳለ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። የታመመች መስሎኝ «አቁም!» ብዬ ጮህሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረብን። እርሷ በጆሮዬ፥ «ተንቀሳቀሰ» አለችኝ። ሾፌሩ አቁሞ ምን እንደሆንን ጠየቀ፤ እኔ የምመልሰው ጠፋኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ነገሩ ገብቷቸው፥ «ንዳው ልጄ፥ ምንም አልሆኑም» አሉት። እስከ ሞጆ ድረስ እጄን ከሆዷ ላይ አላነሣሁም፤ ለኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ወንጪ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ቀን ተኙበት። ከፍታው ለደገኛም ቢሆን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ዳገት መውጣቱ ለነገ ይቆይ። ብርዱ ብርቱ ነውና ጋቢ ያዙ። ባለፈረሶቹ መጥተው ፈረስ ላይ ውጡ ይሏችኋል፤ ነፍሰ ጡር ፈረስ ላይ አትወጣም፤ አንድ ጊዜ ብትወድቅ በቂ ነውና። ፍል ውሃም አለ፤ እጅና እግር መታጠብ ደስ ይላል፤ ሙሉ ገላን በጋለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ለጽንሱ አይበጅም። ጀልባ ላይ ስትወጡ የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ፤ ለሚስታችሁ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም። እኔ ለእርሷ ብቻ ጠይቄ፥ «አንተ ብትሰጥም እኔ ነኝ እንዴ የማወጣህ?» ተብያለሁ።

ደሴቱ ትንሽ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጥላ አለ፤ በኮረብታው ላይ እንሰት አለ። ይህን ሁሉ መንገድ ሄደን መጀመሪያ ያየነው ተክል እንሰት መሆኑ አሳቀን። አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠን ይዘነው የመጣነውን ዳቦና የአገሩን ማር በላን። ከዚያም ያለፈውን ዓመት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አወራን። ምን እንደተባባልን አልጽፍም። የኔ ጥፋት መስሏት፥ የእርሷ ጥፋት መስሎኝ ሳይሆን፥ ሁለታችንም የየራሳችን ጥፋት መስሎን ዓመት ሙሉ ዝም መባባላችንን ያወቅነው እዚያ ግንድ ላይ ነው። ማንም አላንኳኳም። ጀልባ ቀዛፊው ብቻ ከሩቅ ሆኖ እየጠበቀን ነበር፤ ሁለት ሰዓት ብለን የተዋዋልነው አራት ሰዓት ሲሆን እንኳ አልተቆጣም፤ ዋጋውን ግን ጨምሯል፤ ሐቁ ነው።

ስንመለስ ሲስተር ዘንድ ሄድን። የደም ግፊቷን ለካች፤ የልጁን የልብ ትርታ አሰማችን፤ ከዚያም ሐዋሳ ማደራችንን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አነሣችና ካርዱ ላይ ጻፈች። ወባ ከተነደፉ በኋላ ወዲያው አይታይም፤ ከሰባት ቀን እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወደ ሐይቅ አገር የወረደች ነፍሰ ጡር ከተመለሰች በኋላ ትኩሳት ቢሰማት ጉንፋን ነው ብላ አትቀመጥ፤ በዚያው ቀን ደሟን ትመርመር፤ የት እንደነበረችም ለሐኪሟ ትንገር። እኛም አራት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ግንባሯን እየዳሰስሁ ቆጠርን፤ ምንም አልመጣም።

ለሐዋሳው ሌሊት የገዛነው አጎበር አሁን ልጃችን በምትተኛበት አልጋ ላይ ተሰቅሏል። ሬኮ የወባ ትንኝ ብዙም አያስቸግርም፤ ዝንቡ ግን አያስተኛም።